የቫን ጎግ ሸማኔዎች፦ ሰውየው ይታያችኋል?

ሸራና ብሩሽ | ሐዋሳ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን ማታ ማታ በስልኬ የማየው የኔዘርላንዳዊውን ሠዓሊ የቫን ጎግን ሸማኔዎች ነው። የሱፍ አበባውን አላልኩም፤ እሱማ የካፌ ግድግዳ ላይ ሁሉ አለ። ከዚያ በፊት የሠራቸውን ነው፤ ቡናማና ግራጫ የሆኑትን፣ ጨለም ያሉትን።

ለማያውቅ ባጭሩ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ቫን ጎግ በ1883 መጨረሻ ደቡብ ኔዘርላንድ ውስጥ ኑነን ወደምትባል መንደር፣ ወላጆቹ ጋ ገባ። አባቱ እዚያ የፕሮቴስታንት ፓስተር ነበሩ። ልጁ 30 ዓመት ሞልቶት ትዳር የለው፣ ቋሚ ገቢ የለው፤ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ቴዎ በሚልክለት ገንዘብ ነው። ኑነን የገበሬና የሸማኔ አገር ነበረች። ሸማኔዎቹ ለነጋዴ ነው የሚሠሩት፤ ያውም እዚያው በሚኖሩበት ቤት። በ1884 ከጥር ጀምሮ እስከ ሐምሌ እነሱ ቤት እየገባ ሲሥል ከረመ። ወደ 10 የሚጠጉ የዘይት ቀለም ሥዕሎች፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የብዕርና የውሃ ቀለም ሥራዎች ወጡት። በእኛ 1876 ዓ.ም ገደማ መሆኑ ነው፤ አፄ ዮሐንስ ዙፋን ላይ ሳሉ።

አሁን ወደ ነገሬ። በአብዛኞቹ ላይ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የሽመና ዕቃው ነው። ግዙፍ፣ ጥቁር፣ እንጨት በእንጨት። ሰውየውን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። ሮተርዳም ሙዚየም ያለው፣ ከፊት ለፊት የተሣለው ሸማኔማ እንጨቶቹ መሀል የታሰረ ነው የሚመስለው። ሙኒክ ያለው ላይ ደግሞ መስኮቱ ክፍት ነው፤ በመስኮቱ ሜዳው፣ ሥራ ላይ ያለች ሴትና የድሮው ቤተ ክርስቲያን ግንብ ይታያሉ። ሸማኔው ግን ወደዚያ ዞር አይልም። ከሥራው ጋር ነው።

ጥያቄዬ፦ ይሄ ሠዓሊ ሸማኔውን አከበረው ወይስ ከዕቃው ጋር ደባልቆ ዕቃ አደረገው? እኔ አክብሮታል ባይ ነኝ። ግን እዚህ ቤት የሸማኔ ልጆች እንዳላችሁ ስለማውቅ ከእናንተ መስማት ፈለግሁ።

---

የጨንቻ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡41

ድህነት ሲሥሉት ያምራል። ሲኖሩት ነው ችግሩ። ሥዕሉ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ዘበኛ ተቀጥሮለት ይኖራል፤ ሸማኔው ስሙ እንኳ አልተጻፈም። ሌላ ምን ልበል።

---

አሞራ ገደል | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡55

የውይይቱን ክር ላበላሽ አይደለም ግን ስለ ሸማኔ ከተነሳ አይቀር... የእህቴ ሠርግ ደርሷል። ለአማቾች ጋቢ እፈልጋለሁ። ጥሩ ሸማኔ የምታውቁ ጠቁሙኝ፣ ዋጋም ንገሩኝ። ገበያ ላይ ያየሁት ሁሉ የተጠራጠርኩት ነው።

---

ጥለት ወዳድ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡02

@አሞራ ገደል ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ፈትሉን ጠይቅ ወንድሜ። ድሩ (በቁመት የሚወጠረው ክር) የፋብሪካ፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) የእጅ ፈትል የሆነ ጋቢ አለ። ሁለቱም የፋብሪካ የሆነም አለ። የእጅ ፈትል ማግ ያለው ጋቢ ወፈር ይላል፣ ይሞቃል፣ ሲታጠብም ያምርበታል። ብርሃን ላይ ዘርጋና እየው፤ ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፍሮ አንዳንድ ቦታ ከቀጠነ የእጅ ነው። መስመር በመስመር እኩል ከሆነ የማሽን ነው። ሻጩ የሚልህን ተወውና ዓይንህን እመን። ጋቢ አራት ድርብ መሆኑንም ጠርዙን ገልጠህ ቁጠር፤ ሦስት አድርገው የሚሸጡ አሉ።

---

አወያይ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

ጋቢው በውስጥ መስመር ይቀጥል እባካችሁ። እዚህ ስለ ሥዕሉ።

---

የሐይቅ ዳር ሠዓሊ | ሐዋሳ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡37

እኔ ሸማኔ ሥዬ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝና ልናገር። ለሆቴልና ለስጦታ ዕቃ ቤት ነው የምሠራው። የሚፈለገው የታወቀ ነው፦ ቡና የምታፈላ ሴት፣ እንዝርት የያዙ እናት፣ ሸማኔ። ሸማኔው ሁሌም ሽማግሌ ነው። ሁሌም ፈገግ ይላል። ሁሌም አዲስ ነጭ ልብስ ለብሷል፤ ለሽመና አዲስ ልብስ የሚለብስ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ። ከኋላው ሣር ቤት፣ ከፊቱ ባለ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት።

አንድ ጊዜ የእውነቱን ሞከርኩት። ጨለማ ክፍል፣ አምፖል፣ ጎንበስ ያለ ጎልማሳ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጃኬት። ደንበኛዬ አየችውና “ይሄ ሰው ታሟል እንዴ?” አለችኝ። አልተሸጠም። እስካሁን ቤቴ አለ።

ስለዚህ ቫን ጎግን አልፈርድበትም። እሱም አልሸጠም እኮ። ሰው ቤት ሊሰቅለው የማይፈልገውን ነው ሲሥል የከረመው።

---

ሸራና ብሩሽ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

@የሐይቅ ዳር ሠዓሊ ያቺን ጃኬት የሰቀልክባትን ሥዕል ፎቶ አንስተህ ላክልን፣ ጨክኜ ነው የምለምንህ።

@የጨንቻ ልጅ፣ ተቆጥተህ እንዳትወጣ። አንድ ነገር ልንገርህ። ይሄ ሰውዬ መልካቸውን ብቻ አይደለም ያየው፤ ሒሳባቸውንም ቁጭ አድርጓል። ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ላይ እንዲህ ይላል፤ አሳጥሬ በራሴ አማርኛ ነው። ሸማኔው ተግቶ ከሠራ በሳምንት 60 ኤል የሚሆን ጨርቅ ያወጣል (ኤል የዚያ አገር የጨርቅ መለኪያ ነው)። እሱ ሲሸምን አንዲት ሴት ደግሞ ቁጭ ብላ ክሩን በቀሰም ላይ ትጠቀልልለታለች። የሁለት ሰው ሥራ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ተጣርቶ እጁ የሚገባው 4 ጊልደር (የዚያ አገር ገንዘብ) ተኩል ነው። ጨርቁን ሲያስረክብ ደግሞ ነጋዴው ብዙ ጊዜ “የሚቀጥለውን ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ና” ይለዋል። ስለዚህ 4 ተኩሉ የአንድ ሳምንት ሳይሆን የሁለትና የሦስት ሳምንት መኖሪያ ይሆናል።

ለቱሪስት የሚሥል ሰው ይሄን አይጠይቅም። የጠየቀ ሰው ነው።

---

የጨንቻ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

“ከሁለት ሳምንት በኋላ ና።” ይቺን እናውቃታለን። የኛዎቹ ደግሞ “ገበያ ቀዝቅዟል፣ ትተህልኝ ሂድ፣ ሲሸጥ እሰጥሃለሁ” ነው የሚሉት። ለፋሲካና ለጥምቀት ሌሊት ያሠሩሃል፤ ክረምት ሲገባ ስልክ አያነሱም።

እሺ፣ ማን ያውጋ የነበረ ነውና ልናገር።

አባቴ ከጨንቻ ወደ ሐዋሳ የመጣው እኔ ሳልወለድ ነው። የምንኖረው በኪራይ ነበር። የእኛ ሽመና ጉድጓድ እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ። ሸማኔው ጠርዙ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል፣ ታች ያለውን በእግሩ እየረገጠ ድሩን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራል። ቤት ስትከራይ ታዲያ ወለል ትቆፍራለህ ማለት ነው። የትኛው አከራይ ይሄን ይፈቅዳል? አፈር ወለል ያለው ቤት ፈልገን እንገባለን። ቆፍረን፣ ዕቃውን ተክለን፣ ሥራው መስመር ሲይዝ አከራዩ ሲሚንቶ ሊያስፈስስ ይነሳል። ውጡ። እንደገና ሌላ አፈር ወለል ፍለጋ።

ክፍሏ አንድ ናት። ቀን ቀን አባቴ ይሸምንባታል። ማታ ድሩን ጠቅልሎ ግድግዳ ላይ ያንጠለጥላል። ጉድጓዱን በሳንቃ እንከድነዋለን። እኔና ወንድሜ ሳንቃው ላይ ነው የምንተኛው። ከሥር ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፤ የጥጥ ብናኝ አፍንጫህ ውስጥ ይገባል። እናቴ ምጣድ የምትጥደው ውጭ ነው፣ ዝናብም ቢሆን፤ ጭሱ ነጩን ሥራ ያጠቁረዋልና።

አባቴን የሚያይ ሰው መጀመሪያ ምን ያያል? ዕቃውን ነው። ምክንያቱም ከበር ስትገባ ደረትህን የሚመታህ እሱ ነው። ሌላ ቦታ የለም።

---

ሸራና ብሩሽ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡52

ወንድሜ፣ ቆይ። ይሄን በደንብ እንየው።

ቫን ጎግ ደብዳቤዎቹ ላይ ደጋግሞ የሚያማርረው ይሄንኑ ነው። ክፍሎቹ በጣም ጠባብ ናቸው፣ ለመሣል የሚበቃ ርቀት አላገኝም ይላል። ሠዓሊ ትልቅ ነገር ሲሥል ወደ ኋላ ይርቃል። አንድን ነገር ሙሉውን ለማየት ቁመቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያህል መራቅ አለብህ። እሱ የት ይራቅ? ከኋላው ግድግዳ ነው። ዕቃው አፍንጫው ላይ ነው። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ላይ የዕቃው መጠን የተዛባ የሚመስለው፣ እንጨቶቹ ሸራውን ሞልተው ሊወጡ የደረሱት።

እኔ ይሄን እስካሁን የሥዕል ችሎታ ጉዳይ አድርገው ሲጽፉ ነው ያነበብኩት፤ ገና ጀማሪ ነበር፣ የርቀት ሕግ አላወቀም ምናምን። አንተ ስትነግረኝ ግን ሌላ ሆነብኝ። ድህነቱ ያለው ሰውየው ፊት ላይ አይደለም። ወደ ኋላ መራቅ አለመቻሉ ላይ ነው። ሸማኔውን የሚያስጨንቀው ጥበት ሠዓሊውንም አስጨንቆታል፣ ሥዕሉ ውስጥም ገብቷል።

---

የሐይቅ ዳር ሠዓሊ | ማክሰኞ፣ ማታ 5፡01

ይሄ ይጣፍጣል። የኔ ሸማኔዎች ሁሌ ሜዳ ላይ ናቸው፣ ሰማይ አላቸው። ሰማይ ስጨምር ድህነቱን እንደማወጣው አላሰብኩትም ነበር።

---

ጡረተኛው መምህር | አላሙራ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ልጆች፣ ደህና አደራችሁ። ሌሊቱን ስታወሩ አድራችኋል።

የናንተ ጨዋታ ላይ አንድ የጎደለ ነገር ልጨምር። በሆላንድ ሸማኔ ድሃ ነው። በእኛ አገር ሸማኔ ድሃ ብቻ አልነበረም፤ የተናቀ ነበር። መሬት የሌለው፣ በጋብቻ የሚሸሹት፣ በስድብ የሚጠራ። ይህን አፄ ምኒልክ ሳይቀሩ አይተው በ1900 ዓ.ም አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው እየሰደባችሁ ሠራተኛ አጠፋችሁብኝ፣ ከእንግዲህ የሚሰድብ ይቀጣል የሚል ነው መንፈሱ። አዋጁ ወጣ። ስድቡ ግን እኔ ተማሪ ሳለሁም ነበር። ክፍል ውስጥ የሸማኔ ልጅ አጠገብ አልቀመጥም ያለ ልጅ አውቃለሁ፤ ለእሑድ ቤተ ክርስቲያን የለበሰው ነጠላ የማን እጅ ሥራ ይመስለው እንደነበር እንጃ።

ስለዚህ ሸማኔን መሣል በራሱ ለእኛ አገር ሠዓሊ ትልቅ ነገር ነው። ቢያስቅም፣ ቢያጌጥም።

---

የጨንቻ ልጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የእርስዎ ዓይነት መምህር ቢኖረን ጥሩ ነበር።

---

ጥለት ወዳድ | ረቡዕ፣ ቀትር 6፡15

ሁላችሁም ለቫን ጎግ ልባችሁ ራርቷል። እኔ አንድ ነገር ላንሳና እንየው። ቫን ራፓርድ ለሚባል ሠዓሊ ጓደኛው ሲጽፍ ስለዚህ ሸማኔ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ያ ሁሉ እንጨት መሀል ከጠዋት እስከ ማታ የሚያንቋቋ አንድ ጥቁር ዝንጀሮ ወይም ጋኔን ነገር ተቀምጧል ብሎ ነው የጻፈው። ይሄ ነው አክብሮቱ?

---

የጨንቻ ልጅ | ረቡዕ፣ ቀትር 6፡22

በሉ እንግዲህ። ማክሰኞ ማታ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ዝንጀሮ!

---

ሸራና ብሩሽ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡40

@ጥለት ወዳድ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የዘገየሁት። ልክ ነሽ፣ ብሎታል። አላስተባብልም፤ አያምርም። ግን እዚያው ደብዳቤ ላይ ያለውን ሌላውን ቁም ነገርም አንብቢው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ መሐንዲስ የሽመና ዕቃ ንድፍ ቢነድፍ የእሱ ንድፍ ከኔ ይልቅ ልክ ይሆናል። የኔን ከጎኑ ብታስቀምጠው ግን የኔ ዕቃ ከባሉጥ እንጨት የተሠራና በላብ እጅ የቆሸሸ መሆኑ ይታወቃል። ሰውየውን ጭራሽ ባልሥለው እንኳ ሥዕሉን ስታይ ሠራተኛው ትዝ ይልሃል፤ የመሐንዲሱን ስታይ ግን አይልህም።

እኔን የገዛኝ ይሄ ነው። ሰውየውን ፊቱ ላይ ሳይሆን የነካው እንጨት ላይ ነው የፈለገው። ቅድም “ሰውየው ይታያችኋል?” ብዬ የጠየቅኩትም ለዚህ ነው። እጁ እንጨቱ ላይ አለ።

እና ደግሞ ሌላ አንድ የሽመና ዕቃ አለ። ከአሮጌ ባሉጥ የተሠራ፣ 1730 የሚል ዓመት የተቀረጸበት። ቫን ጎግ ሲያየው 150 ዓመት አልፎታል። ስንት ትውልድ ነው እዚያ ላይ ጎንብሶ ያለፈው? አጠገቡ በትንሿ መስኮት በኩል የሕፃን ወንበር አለ፤ ሕፃኑ ተቀምጦ መወርወሪያዋ ወዲህ ወዲያ ስትል ለሰዓታት ያያል። ይሄን ሥሎታል፤ በብዕር የሠራው ነው፣ አምስተርዳም ቫን ጎግ ሙዚየም አለ።

---

የጨንቻ ልጅ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡03

ሕፃኑን አየሁት። አሁን ፈልጌ።

እሱ እኔ ነኝ። ወንበር አልነበረኝም እንጂ። ጆንያ ላይ ነበር የምቀመጠው። መወርወሪያዋ ስትመጣ ጭንቅላቴን አብሬ አዞር ነበር ትላለች እናቴ።

ዝንጀሮውን ግን ይቅር አልልም።

---

ጥለት ወዳድ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡30

አትበል። መብትህ ነው።

ለፍትሕ ያህል እኔም አንድ ነገር ልመስክርለት። ሴቶቹን አልረሳም። ክር የምታጠነጥን ሴትን ለብቻዋ ሥሏል። ቦስተን ሙዚየም ያለው ሥዕል ላይም ከሸማኔው ጎን መዘውሩ አለ። እኛ ጋ “ሸማኔ” ሲባል ወንዱ ብቻ ነው የሚታየው። ጥጡን ፈልፍላ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ አውጥታ፣ በእንዝርት ፈትላ ልቃቂት በልቃቂት የምትሞላው ሴት ግን ሥራዋ “ቤት ውስጥ መዋል” ነው የሚባለው። እኔ ፈትል የምገዛቸው እናቶች አሉ። ለአንድ ነጠላ የሚሆን ማግ ፈትለው የሚያገኙትን ብነግራችሁ ትደነግጣላችሁ። ገዢዋ ከኔ የምትከራከረው ግን በጥለቱ ቀለም ነው።

---

ባለ ሺፍት | ሐዋሳ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

እኔ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ስሙን ተዉት። ስለ ክር ስታነሱ አይቼ ነው ቆም ብዬ ያነበብኩት። እኛ ጋ ጣራው ሰፊ ነው፣ መብራቱ ነጭ ነው፣ ሠዓሊ ቢመጣ እንደልቡ ይርቃል። እኛን ግን ማን ይሥለናል? እጃችን እንጨቱ ላይ አይቀርም፣ ብረት ስለሆነ ይጠረጋል። በቃ ይቺን ልል ነው።

---

ሸራና ብሩሽ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡40

@ባለ ሺፍት አትሂጂ። ይሄ ራሱን የቻለ ክር ይወጣዋል፣ እባክሽ ክፈቺው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተማችን ውስጥ ከተመረቀ ከ2008 ዓ.ም ወዲህ ስንት ወጣት በዚያ አለፈ፤ አንድ ሥዕል አላየሁም።

---

ጡረተኛው መምህር | ረቡዕ፣ ማታ 3፡58

የኑነኖቹንም የጨረሳቸው ያው ማሽኑ ነው። ቫን ጎግ ሲሥላቸው የእንፋሎት ፋብሪካው በአካባቢው ከተሞች ሥራቸውን እየወሰደው ነበር። ልጄ @ባለ ሺፍት፣ እኔም አነብሻለሁ።

---

የሐይቅ ዳር ሠዓሊ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡10

የተባለውን ፎቶ ለጥፌያለሁ። ጃኬቱ እንደሆነ አረጀ። አምፖሉን ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ።

---

ሸራና ብሩሽ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡44

አምፖሉን አትንካው! ቫን ጎግም ማታ ማታ በመብራት ሲሠሩ ማየት ይወድ ነበር። ያንተ ከሆቴሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጥግ ላይ ያለችው የውሃ ጄሪካን ትገርማለች።

@የጨንቻ ልጅ፣ አሁን ልጠይቅህ የምፈራውን ልጠይቅህ። አባትህ አሁንም ይሠራሉ? መጥቼ ብሥላቸው ቅር ይላቸዋል?

---

የጨንቻ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡25

ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ “ምን ያደርግለታል?” አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ “ሲሥለኝ ሥራ አቆማለሁ?” አሉ። ሥራቸውን እየሠሩ ከሆነ ይሁን ብለዋል። ቁሙ፣ ዞር በሉ፣ ፈገግ በሉ ከተባለ አይሆንም። ቡና ግን ይፈላል፤ ሳትጠጣ አትወጣም።

አሁን የምንኖርበት ቤት የራሳችን ነው፣ ጉድጓዱንም ማንም አይደፍንብንም። ግን ክፍሏ ያው ናት። ወንበር ይዘህ አትምጣ፣ አይገባም። በሩ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ እዚያ ስትቀመጥ ደግሞ ብርሃናቸውን ትጋርዳለህ፣ ስለዚህ ጎን ብለህ ነው።

---

ሸራና ብሩሽ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡31

እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። የቀን ሒሳባቸውንም እከፍላለሁ፤ እሱን እኔና አንተ እንነጋገራለን። ቅዳሜ ጠዋት ልምጣ?

---

የጨንቻ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡50

ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ። ሰኞ ና። እና የዘይት ቀለም ምናምን እንዳታመጣ፤ ዕቃው ላይ የተወጠረው ነጭ ኩታ ነው፣ የሰው ትዕዛዝ ነው። ከሰልም አይሆንም፣ ይበናል። እርሳስ ብቻ።